ለእንግዳው ቀዝቃዛ አየር

«በጭራሽ! ከሸሹት ሰዎች አንድም እኔ ቤት ደርሶ አያውቅም» አለ ወንዳፍራሽ በስልክ።

ወርቂቱ ከኮሪደሩ መስኮት ሥር አንሶላ ታሰጣ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የወንድሟ ድምፅ አጠገቧ የቆመ ያህል ይሰማታል። «መኪናውን የሚሠራው ከጋራዥ የመጣ ፉንዲ ነው፤ የዚሁ አገር ሰው። ኧረ አማርኛ ከየት ያውቃል! ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ጓድ ይገዙን ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የምቀበላቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ ራትም እኔ ዘንድ ነው» አለና ሳቀ። ይህ ሳቅ የቤት ሳቁ አይደለም፤ ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቱ ለአለቆቹ ሲደውል የሚስቀው ነው። ወርቂቱ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። ውሃው ክንዷን ተከትሎ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። አማርኛ አያውቅም የተባለው ፉንዲ፣ መካኒኩ፣ ባሏ ታመነ ነው። በዚያች ሰዓት ግቢው መሐል የወንድሟን ነጭ መኪና ኮፈን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን ሞተሩ ውስጥ ደፍቶ፣ ከአዲስ አበባ የጸሎት ቤታቸው ይዞት የወጣውን መዝሙር በአማርኛ ያንጎራጉራል።

ቤቱ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ቀይ ጡብ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ ሣር አለው፤ ሳሎኑ ከተጠረገ ወለሉ ፊት ያሳያል። ወርቂቱና ታመነ የሚኖሩት ግን ከጓሮ፣ ድሮ ቤቱን ያሠሩት እንግሊዞች ለአሽከሮቻቸው ብለው በሠሯት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋና አንድ ወንበር ከገቡባት በኋላ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ክፍል ናት፤ መስኮቷም ተከፍቶ የሚያሳየው የአጥር ግንብ ነው። በሞያሌ ተሻግረው ናይሮቢ ከገቡ ጀምሮ ታመነ የስደተኛ ወረቀቱ እስኪስተካከል እየጠበቀ የወንድሟን ወዳጆች መኪና ሲጠግን፣ እሷም የወንድሟን ቤት ስታጥብና ስታበስል ነው የኖሩት። ሠራተኞች ናችሁ ያላቸው የለም። እነሱ ከመጡ ወዲህ ግን በዚያ ቤት ከበሩ ዘበኛ ሌላ ሠራተኛ ኖሮ አያውቅም።

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጥላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የወንድሟ ሚስት አስናቀች ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ወንዳፍራሽ ቆሞ ሻይ ይጠጣል።

«ጋሼ፣ ፉንዲው ማነው?»

ወንዳፍራሽ ስኒውን አስቀመጠ። «ሰማሽ እንዴ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ከሰማሽ ነገሩንም ስሚ። ደስ ብሎኝ የተናገርኩት ይመስልሻል? የእማዬን ጉዳይ ሌላ ማን ይፈታዋል? ማታ የሚመጣው የመንግሥት ሰው፣ ይገዙ፣ አንድ ቃል ከተናገረ የመውጫ ቪዛዋ ወዲያው ነው የሚወጣው። አንቺና ታመነ እዚህ መሆናችሁን ካወቀ ግን አለቀ። የከዳተኞች እናት ናት ይሏታል። ያኔ እንኳን ናይሮቢ፣ ከቀበሌዋም አትወጣ።»

እናታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ አንገቷ ላይ የወጣው እብጠት ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ አሁን እህል በደንብ አያስውጣትም። የአዲስ አበባ ሐኪሞች ውጭ አገር ትታይ ብለው ጽፈውላታል፤ የመውጫ ቪዛ የሚሰጡት ሰዎች ግን ባስገባች ቁጥር ይመልሷታል። ባለፈው ሰሞን ከአገር ቤት የመጣ አንድ ነጋዴ «እናታችሁን አየኋት፤ አጥሚት ነው የምትጠጣው» ብሏቸው ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ወርቂቱ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ ጥቂት ጎርሳ ትነሣለች።

«እና እኛ ምን እንሁን?» አለች።

«ታመነ እንደጨረሰ ኢስሊ ይሂድ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎቻችሁ ዘንድ፣ እነ እታገኘሁ ጋ ይደር። አንቺ ራቱን ትሠሪያለሽ፤ ከወጥ ቤት ግን እንዳትወጪ። ሳህኑን አስናቀች ታቀርባለች።»

«ቢጠይቁህስ? ማናት ብለህ ነው የምትነግራቸው?»

«ማንም አይጠይቅም ወርቂቱ። ወጥ ቤት ያለ ሰው ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

አስናቀች ቀና አላለችም። ሽንኩርቱን ልጣ ስትጨርስ የተላጠውን መልሳ አንስታ ትልጠው ጀመር። ወርቂቱ የምራቷን ዓይን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ለእማዬ ከሆነ ይሁን ብላ በልቧ ተናገረችና ወጣች። ይሁን ማለቱ ግን አላበረዳትም። የካቲት ነበር፤ የሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት የካቲት። የናይሮቢ ፀሐይ ገና በጠዋቱ የግቢውን ሲሚንቶ አግሎታል። እሷን ያቃጠላት ግን ከዚያ ሌላ ነው።

መኪናውን ወንዳፍራሽ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ዲፕሎማት ነው የገዛው። ማቀዝቀዣው ከገና ጀምሮ ሲያንቋርር ከርሞ በመጨረሻ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ነክሶ አልዞር አለና የሚያዞረውን ቺንጊያ እየፈተገ ማጨስ ጀመረ። ጋራዥ ወስዶት ነበር፤ የጠየቁትን ዋጋ ሲሰማ «ቤቴ ሰው እያለልኝ!» ብሎ መልሶ አመጣው። እንግዳው አስም ያለበት ሰው ስለሆነ አቧራ አይችልም ተብሏል፤ መስኮት ዘግቶ ለመንዳት ደግሞ ማቀዝቀዣው መሥራት አለበት። ወንዳፍራሽ አዲሱን ኮምፕሬሰር ከነካርቶኑ፣ ከሚሞላው አዲስ ጋዝ ጋር ለታመነ ሰጠው። ታመነ የጎደለውን ፓምፕና መለኪያ ጊኮምባ ገበያ ከሚያውቀው ፍሪጅ ጠጋኝ ለመነና፣ በሞላ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት፣ ረዳቱ እየሰደበው አመጣው። እንግዳው ማን እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ትልቅ ሰው ነው ብቻ ተብሏል።

መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ መውጣት ነበረበት። ታመነ የቱቦውን ማሰሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ በጥቂቱ አላላው። ጋዙ እስስ እያለ መውጣት ጀመረ። ቀኝ እጁን ከማሰሪያው ሥር አድርጎ ጨርቁን ይዞ ይጠብቃል፤ ወርቂቱ ዕቃ ልታቀብለው አጠገቡ ቆማለች፤ የሰማችውን እንዴት እንደምትነግረው፣ ደግሞም መንገር ይኖርባት እንደሆነ ታወጣለች ታወርዳለች። ወንዳፍራሽ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከረባቱን ገና ሳያስር፣ ሰዓቱን እያየ መጣ።

«ይሄ ፉጨት መቼ ነው የሚያልቀው? አውሮፕላኑ እኔን አይጠብቅም እኮ!»

«ቀስ ብሎ ይውጣ ጋሽ ወንዳፍራሽ፤ በአንዴ ከተለቀቀ ብርዱ እንደ እሳት ያቃጥላል» አለ ታመነ።

ወንዳፍራሽ የብሎን መፍቻ ቁልፉ ማሰሪያው ላይ እንደተሰካ ጨበጠውና ባለ በሌለ ጉልበቱ አዞረው። ነጭ ጉም እየጮኸ ወጣ። ለጊዜው መኪናውም ሰዎቹም አልታዩም። ታመነ «ወይኔ!» ብሎ ሲያፈገፍግ ጨርቁ እጁ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሲያላቅቁት ጣቶቹ ከነመዳፉ ነጥተው፣ ደርቀው፣ የእሱ እጅ አይመስሉም። ሲነካኩ እንኳ ስሜት የላቸውም። ቆይቶ ነው ሕመሙ የመጣው፤ ሲመጣ ግን ያ አዲስ አበባ እስር ቤት ሲገረፍ አልጮኸም የተባለለት ሰው ተንበርክኮ ጥርሱን እያፋጨ ሲሚንቶውን በግንባሩ ነካው።

ወንዳፍራሽ ወደ ኋላ ዘሎ ነበር። መጀመሪያ ሸሚዙን አየ። ዘይት እንዳልነካው ካረጋገጠ በኋላ «ፖሌ፣ ፖሌ» አለ በስዋሂሊ፣ መንገድ ላይ የገፉትን ሰው ይቅርታ እንደሚሉት።

«ሐኪም ቤት እንውሰደው!» ብላ ጮኸች ወርቂቱ።

«በምን? መኪናው ተፈትቶ? ታክሲ ብንጠራስ እዚያ ሲደርስ ኪፓንዴ፣ መታወቂያ አምጣ ቢሉት ምን ሊያሳያቸው ነው? ለብ ያለ ውሃ አድርጊለት።» ከዚያ ወደ ታመነ ጎንበስ አለ። ድምፁን አለስልሶ፣ ከልቡ የተጨነቀ ሰው መስሎ፣ «ትጨርሰዋለህ አይደል ታመነ?» አለው።

ወርቂቱ በዚያች ቅጽበት ወንድሟን አየችው። ሕፃን ሳለች አዝሎ ወንዝ ያሻገራት ሰው ነው። ትምህርት ቤት የከፈለላት፣ ስታገባም የማያምንበትን ሃይማኖት ዋጥ አድርጎ ሠርጓ ላይ የተገኘላት እሱ ነው። ይህ ሁሉ ውለታ እንደ ድንጋይ አፏ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስንት ዓመት። አሁንም ተቀመጠ። ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ታመነ እጁ በንጹሕ ጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ በግራ እጁ ሊሠራ ሞከረ። ቁልፉ ያመልጠዋል። ወርቂቱ ጉዳቱን እያየች ቁልፉን ነጠቀችው። «ንገረኝ፤ እኔ እፈታዋለሁ» አለች። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ኋላ ግን ከመኪናው አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠና እየነገራት ሠራች። ቺንጊያውን አላልታ አወጣች። ሽቦውን ነቀለች። ቱቦዎቹን ፈትታ አቧራ እንዳይገባቸው አፋቸውን በላስቲክ አሰረች። ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የያዙት ብሎኖች ከታች ያሉት አልላቀቅ ብለው አስቸገሯት፤ በጀርባዋ ተኝታ፣ ቀሚሷ ተሰብስቦ፣ ዝገቱ ዓይኗ ውስጥ እየረገፈ፣ ቁልፉን በእግሯ እየገፋች ነው ያላቀቀቻቸው። እያንዳንዱ ብሎን እሺ ሲል ከአፏ የማይወጣ ስድብ በሆዷ ትሳደባለች። አሮጌው ኮምፕሬሰር ሲወርድ ደረቷ ላይ ሊወድቅ ትንሽ ነው የቀረው። ታመነ «ዘይቱን ድፊና ስንት እንደሆነ እዪልኝ፤ በአዲሱም ያንኑ ያህል እንጨምራለን» አላት። አዲሱን አነሡት፤ እሷ ከታች ደገፈች፣ እሱ በግራ እጁ ከላይ ያዘ፣ ቀዳዳና ቀዳዳ ሲገጥም ትንፋሻቸውን ዋጡ። የጎማ ቀለበቶቹን ዘይት ቀብታ ስታስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እጅሽ ከኔ እጅ ይሻላል» አላት።

ያኔ ነው የነገረችው። ፓምፑ ሥራውን እየሠራ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት እየሳበ ሲያጉረመርም፣ እነሱ የመኪናው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ስልኩንም፣ እንግዳው ከአዲስ አበባ የሚመጣ የመንግሥት ሰው መሆኑንም፣ አማርኛ አይሰማም መባሉንም፣ ኢስሊ ሂድ መባሉንም ሳታስቀር ነገረችው። ታመነ መሬቱን እያየ ሰማት።

«እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው አየር የማቀዘቅዘው» አለ።

«እንፍታው ታመነ። አሁኑኑ እንፍታውና ይቅር።»

«እናትሽስ?»

ወርቂቱ የያዘችውን ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔን ያሰሩኝ ሰዎች እናቴ ስትቀበር እንኳ አልለቀቁኝም» አለ። «የአንቺ ገና ነፍስ አላት። ለሷ ሲባል ፉንዲም ልባል፣ ሌላም ልባል፤ አይገድለኝም። አንቺም ዛሬን ቻይው።» ይህን ያለው ተቆጥቶ አልነበረም። ወርቂቱን ይህ ይበልጥ አናደዳት። ባሏ እንዲቆጣ፣ ካርቶኑን እንዲረግጥ፣ ያንን ነጭ መኪና በመዶሻ እንዲያደቀው ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ በግራ እጁ መለኪያውን አየ፤ «ያዘ፤ አያፈስም» አለና ጋዙን ሊሞላ የሞተሩን ቁልፍ እንድታዞር ነገራት።

ማቀዝቀዣው ሠራ። ወንዳፍራሽ ከረባቱን አስሮ፣ ኮቱን በክንዱ ይዞ መጣና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋ። ከመስታወቱ ጀርባ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ፊቱ ላይ ሲያስነፍስ ይታያል። ከዚያ መስታወቱን በጥቂቱ አወረደና «ጎበዝ!» አለ። ለማን እንዳለው አይታወቅም። ታመነ በደህናው እጁ ፓምፑን ተሸክሞ ከሱ ቀድሞ ከበሩ ወጥቷል። ዘበኛው ሊረዳው ሲል በጭንቅላቱ እምቢ አለው። ወርቂቱ ማታቱ የሚቆምበት ጥግ እስኪደርስ ከበሩ ላይ ሆና አየችው። ነጩ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ጥሩምባ አልነፋለትም፤ አልዘገየም።

ወርቂቱ እጇን በሳሙናም፣ በአመድም አሸችው፤ በጥፍሮቿ ዙሪያ ያለው ዘይት አልለቅ አለ። እንዲሁ በዚያው እጇ ዶሮውን ሠራች፣ ጥብሱን ሠራች፣ ሰላጣውን ቆረጠች። አስናቀች ትገባለች ትወጣለች፤ ጠረጴዛውን ታስተካክላለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ «የታመነ እጅ እንዴት ነው?» አለች።

«ቆዳው ይላጣል» አለች ወርቂቱ።

አስናቀች ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ጥቂት ቆይታ የቃጠሎ ቅባት ይዛ ተመለሰችና መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ዘግይቶ የመጣ ቅባት ነበር፤ ባለ እጁ ሄዷል።

እንግዳው የደረሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በወጥ ቤቱና በመመገቢያው ክፍል መሐል ሳህን የሚያቀብሉባት ትንሽ መስኮት አለች፤ መዝጊያዋ ገርበብ ያለ ነበር። ወርቂቱ በዚያ በኩል አየችው። እሷ የጠበቀችው ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ የከፋ ሰው ነበር። የመጣው ግን ትከሻው የጠበበ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ ሰው ነው። «ናይሮቢ ይሞቃል ሲሉኝ ነበር፤ በመኪናዎ ውስጥ ግን ብርድ ያዘኝ!» ብሎ ሳቀ። ወንዳፍራሽም አብሮ ሳቀ። ተቀመጡ፤ በሉ። ስለ ስብሰባው አወሩ። ስለ ድርቁ አወሩ። ወንዳፍራሽ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስለተከፈተ አንድ ከፍ ያለ የሹመት ወንበር ነገረው፤ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የአገሩ መንግሥት ስሙን ማቅረብ እንዳለበት፣ ማንም እንደዋዛ እንደሚጠቅሰው ነገር ጠቀሰለት። እንግዳው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ «ይታያል፤ ሰው ያስፈልገናል» አለ። ወርቂቱ የእናቷ ነገር መቼ እንደሚነሣ ጠበቀች። ወጡ ተጨመረ። ቢራ ተቀዳ። አሁን ያነሣል አለች። ስለ ወንበሩ እንደገና ተነሣ። አሁንስ ያነሣል አለች። በመጨረሻ ነገሩን ያነሣው እንግዳው ራሱ ነው።

«እናት አባት አሉ አቶ ወንዳፍራሽ? አገር ቤት የሚጠይቋቸው ሰው ካለ ዕቃም ቢሆን አደርሳለሁ።»

ወርቂቱ ወደ መስኮቷ ተጠጋች። ለእናቷ በሩ ተከፈተ፤ ከዚህ የሰፋ በር ሊኖር አይችልም።

«አባቴ ቀደም ብሎ ነው ያረፈው» አለ ወንዳፍራሽ። ሹካውን ሳህኑ ላይ አስተካከለ። «እናቴም... እናቴም አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር» አለ እንግዳው። «ካረፉ ቆዩ?»

«ቆየች። ቤተሰብ የሚባል የለኝም እንግዲህ፤ ሚስቴ ብቻ ናት።»

አስናቀች ከመስኮቷ ሥር ቆማ ነበር፣ የጥብሱን ሳህን ይዛ። ወርቂቱ ምን እንዳደረገች በኋላ ስታስበው፣ ከወጥ ቤቱ እስከ መመገቢያው ክፍል ያለውን መንገድ መሄዷን አታስታውስም። የምታስታውሰው እንግዳው ፊት ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማ የራሷን ድምፅ መስማቷን ነው።

«እናታችን አልሞተችም።»

ወንዳፍራሽ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ያንን የመሥሪያ ቤት ሳቁን ሳቀ። «ይቅርታ ጓድ ይገዙ። ወጥ ቤት የምታግዘን ሴት ናት። መከራ ስላየች አእምሮዋ ትንሽ...» ጣቱን ወደ ግንባሩ አነሣ።

«እብድ አይደለሁም!» አለች። «ወርቂቱ እባላለሁ፤ የእናቱ ልጅ ነኝ። ያን የበረደዎትን መኪና በዚህ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባሌ እጁ ስለተቃጠለ። ባሌ ፉንዲ አይደለም፣ አማርኛም ያውቃል፤ ስለጸለየ አስራችሁት የወጣ ሰው ነው። እኛን ይካደን፣ ግድ የለም፤ ጠዋት ሲክደን ዝም ብያለሁ። እናቴን ግን በቁሟ አይቀብራትም! አንገቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ አጥሚት እየጠጣች እሱን ነው የምትጠብቀው። ልጄ ያወጣኛል እያለች!»

«ወርቂቱ፣ ውጪ!» ወንዳፍራሽ ጮኸ። «አስናቀች፣ አውጪልኝ ይህችን ሴት!»

አስናቀች ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እህቱ ናት» አለች፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ይመስላል፣ ግን ሁሉም ሰማው። «አማቴም በሕይወት አሉ። ነጋዴው አይቷቸው ከመጣ ወሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ የእንግዳው ደረት ሲያፏጭ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰውየው ወንዳፍራሽን አላየውም። ወርቂቱን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣም ርኅራኄም ማንበብ አልቻለችም። በመጨረሻ «ስማቸው ማነው? ቀበሌያቸውስ?» አለ።

ወንዳፍራሽ ፊቱ አመድ መሰለ። ጭንቅላቱን በጥቂቱ ወዘወዘላት፤ አትንገሪው ማለቱ ነው። ወርቂቱም ፈራች። እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ ሲወጣ ምን ተከትሎት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ባሏን የወሰዱትም መጀመሪያ ስሙን ነው የጠየቁት። ግን ዝም ብትል እናቷ ሞታለች የተባለው ጸንቶ መቅረቱ ነው። የእናቷን ስም ከነአባቷ፣ ቀበሌውን ከነቤቱ ነገረችው። እንግዳው አፉን በናፕኪን ጠረገና ተነሣ።

«ሆቴሌ ያድርሱኝ» አለ።

ወንዳፍራሽ መኪናውን ሊያስነሣ ሲወጣ በወርቂቱ አጠገብ አለፈ። «ገደልሻት» አላት በጥርሱ መሐል። «አሁን በእርግጥ ገደልሻት።»

እሷ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለች። ከጓሮ ክፍሏ የያዘችው ልብሳቸውንና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ነው። አስናቀች የቃጠሎውን ቅባት በሩ ድረስ ተከትላ ሰጠቻት። ተቃቅፈው አልተላቀሱም፤ ምን ብለው እንደሚላቀሱም አያውቁም። ኢስሊ ስትደርስ ታመነ የእታገኘሁ ሶፋ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ያደረገችውን ስትነግረው ደህናውን እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ከአገር ቤት ወሬ ሳይሰማ ወራት አለፉ። በየጠዋቱ ስትነሣ እናቴን ገድያት ይሆን ብላ ትነሣለች፤ ከዚያ ደግሞ ወንድሟ «አርፋለች» ያለበት ድምፅ ትዝ ይላትና ፍርሃቷ ወደ ንዴት ይለወጣል። ወንዳፍራሽ አልጠራትም፤ እሷም አልሄደችም። የተመኘው ወንበር ለሌላ ሰው መሰጠቱን ከሰው ሰማች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን አስናቀች ኢስሊ ድረስ ወሬ ይዛ መጣች። ወይዘሮ የሺወርቅ ቀበሌ ተጠርታ፣ እስር ነው ብላ፣ ስንቋን ይዛ፣ ጎረቤቶቿን ተሰናብታ ሄዳ ነበር፤ ፓስፖርትና የመውጫ ቪዛ ሰጥተው መልሰዋታል። ያ እንግዳ ይህን ስለ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ኢምባካሲ ሁለቱም ወንድምና እህት ሊቀበሏት ሄዱ፤ በአጥሩ በኩል ተራርቀው ቆሙ። እናታቸው በነጠላዋ አንገቷን ሸፍና፣ ከስታ፣ የሰው ክንድ ይዛ ብቅ ስትል ሁለቱም ሮጡ። ወይዘሮ የሺወርቅ መጀመሪያ የያዘችው የወንድ ልጇን አንገት ነው። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን ሳመችው።

«አንተ ባትኖር ማን ያወጣኝ ነበር! ቀበሌ ጠርተው ናይሮቢ ያለው ልጅሽ ነው ሲሉኝ፣ አውቄዋለሁ አልኳቸው፤ የኔ ልጅ አይረሳኝም አልኳቸው!»

ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፍቶ ተሳመ። እኔ አይደለሁም አላለም። የእናቱን ምርቃት አንድ በአንድ፣ አሜን እያለ ተቀበለ። ወርቂቱ እናቷ ወደ እሷ እስክትዞር ቆማ ጠበቀች። ስትዞር ተቃቀፉ፤ አጥንቷ በቀሚሷ ውስጥ ይቆጠር ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አለቻት እናቷ እንባዋን እየጠረገች። «ወንድምሽን አመስግኚው እንጂ። ከሞት እኮ ነው ያወጣኝ።»

ወርቂቱ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። የእናታቸውን ሻንጣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ በዓይኑ ይለምናታል።

«ቤት እንድረስ እማዬ» አለች። «ወንድሜ ያደረገልሽን ሁሉ ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ።»

እናቷ የምሥራች መሰላትና ፈገግ አለች።